ለሠላሳ ዓመት የታመነው መርፌ

 ዛሬ ስለ በሽታ ምልክት ሳይሆን ታሪክ ላጫውታችሁ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መነሻዬ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው በሞተር ወይም በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ይገባል። ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ኦክስጅን ይደረግለታል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። በሁለተኛው ቀን አስታማሚው ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያስቆመዋል፦ "ዶክተር፣ እብጠቱን የሚያወርደውን መርፌ ለምን አትሰጡትም? አጎቴ ያኔ ሲወድቅ እኮ ተሰጥቶት ነበር።" ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አጎትየው በእርግጥ ተሰጥቶት ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚሰጡት ሐኪሞችም ሰነፎች አልነበሩም። አሁን የማንሰጠው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

መርፌው ስቴሮይድ ይባላል። ብዙዎቻችሁ ዴክሳሜታዞን ወይም ዴክሳ በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። በ1961 በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ በአንጎል ዕጢ ምክንያት አንጎላቸው ያበጠባቸው ሕሙማን ዴክሳሜታዞን ሲሰጣቸው በፍጥነት እንደሚሻላቸው አሳዩ። ራሱን ስቶ የተኛው ይነቃል፣ አካሉ የደከመበት እጁን ያነሳል። ይህ እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው። ለአንጎል ዕጢ እብጠት ስቴሮይድ አሁንም እንሰጣለን። (በዚህ ምክንያት ስቴሮይድ የምትወስዱ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ድንገት ማቋረጡ ራሱ አደገኛ ነው።)

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ለማንም ሰው የሚዋጥ ነው። በዕጢ ያበጠን አንጎል ካወረደ፣ በአደጋ ያበጠውንስ ለምን አያወርድም? ስለዚህ በብዙ አገር ጭንቅላታቸውን ለተመቱ ሰዎች መሰጠት ጀመረ።  በ1990ዎቹ አጋማሽ እንኳን በአሜሪካ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት ይጠቀሙበት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሁሉ ሐኪሞች በዓይናቸው እያዩ እንዴት አይለዩም? ከሰጡት ውስጥ የዳነ ነበረ፣ የሞተም ነበረ። የዳነውን "መርፌው ረዳው" አሉ፣ የሞተውን "ጉዳቱ ከባድ ነበር" አሉ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ያለ መርፌም ብዙ ጊዜ ይነቃል። አንድ ሐኪም በዓመት ከሚያያቸው ጥቂት አሥር ሕሙማን ውስጥ አንድ ሰው ተጨማሪ ቢሞት በዓይን አይታወቅም። ከመቶ ሰው ሦስት የምትሆን ልዩነት ለአንድ ሰው ትዝታ በጣም ትንሽ ናት። ለአገር ግን ብዙ ሬሳ ነው።

ልዩነቷን የሚያወጣው አንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ ዕጣ። እቁብ የምትጥሉ ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው የሚወደው ሰው ቢኖር እንኳ ዕጣው አድልዎ አያውቅም። በሕክምናም እንደዚያው ነው። ሐኪሙ ይሻለዋል ብሎ ላሰበው ብቻ መድኃኒቱን ከሰጠ፣ ሲጀመርም የተሻለው ሰው መድኃኒቱን አገኘ ማለት ነው። ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ ዕጣ ሲወስን ግን ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ክፉኛ የተጎዳውም ቀላሉም በሁለቱ ቡድኖች እኩል ይከፋፈላሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ የመጣ ነው። እንግሊዞች በ1948 ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ መሥራቱን ያረጋገጡት በዚህ መንገድ ነው። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሕሙማን 4 ሲሞቱ፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሰዎች 14 ሞቱ። ያ ሙከራ ትንሽ ሆኖ የበቃው መድኃኒቱ የሚያመጣው ልዩነት ትልቅ ስለነበረ ነው። ትንሽ ልዩነት ለማየት ግን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስፈልጋል።

ስቴሮይድም ዕጣ ሳይጣልበት አልቀረም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሙከራዎች ተደርገውበታል። ችግሩ ሁሉም ትንንሽ መሆናቸው ነው። አንዱ ይጠቅማል ይላል፣ ሌላው አይጠቅምም ይላል። በ1997 ሁሉም አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ የተሳተፈው ሰው ሁለት ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። ከዚያም የወጣው መልስ "ምናልባት ይጠቅማል፣ ምናልባት ይጎዳል" የሚል ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል ለስንት ሕሙማን የተሰጠ መድኃኒት፣ መጥቀሙና መጉዳቱ አይታወቅም ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን በተማሪነቴ ሳነብ የተሰማኝ ድንጋጤ ዛሬም አለ።

ያኔ በለንደን የንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ያሉት ኢያን ሮበርትስና ባልደረቦቻቸው ትልቅ ሙከራ አዘጋጁ። ስሙ ክራሽ ነው። ዕቅዱ 20,000 ሰው ነበር። ለመሆኑ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ያውም ራሱን የሳተን ሰው፣ በዚህ ብዛት እንዴት ታስገባለህ? መልሳቸው ቀላል ማድረግ የሚል ነበር፤ በእኔ እምነት የሥራው ትልቁ ብልሃት ይኼ ነው። ተጨማሪ ምርመራ የለም። ሐኪሙ ለተረኛው በሽተኛ በዕጣ የደረሰውን ፓኬት ከፍቶ ይሰጣል። በፓኬቱ ውስጥ ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ይሁን ወይም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ፓኬት ሐኪሙም አስታማሚውም አያውቁም። ለ48 ሰዓት በደም ሥር ይሰጣል። በ14ኛው ቀን ሰውዬው ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ይሞላል። በቃ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ስለሆነ፣ ገንዘብም ረዳትም የሌላቸው የድሃ አገር ሆስፒታሎች ጭምር መሳተፍ ቻሉ። በ49 አገሮች 239 ሆስፒታሎች ገቡበት።

ማን ነው የሚገባው? ከተጎዳ ስምንት ሰዓት ያላለፈው፣ ንቃተ ኅሊናው የተዛባ አዋቂ። ሌላም መስፈርት ነበረ፤ የሚያክመው ሐኪም ራሱ መድኃኒቱ መጥቀሙን ከልቡ መጠራጠር አለበት። ይጠቅማል ብሎ ያመነ በሽተኛውን ለዕጣ መስጠት የለበትም፣ ይጎዳል ብሎ ያመነም እንዲሁ። ይህን የጻፍኩላችሁ ብዙ ሰው "ሙከራ" ሲባል ሐኪሙ መልሱን እያወቀ የሚደብቅ ስለሚመስለው ነው። በትክክለኛ ሙከራ ሐኪሙም አያውቅም። ዕጣ የሚጣለው ባለማወቁ ነው።

ከሐኪሞቹ ሌላ፣ ውጤቱን በየጊዜው ገልጦ የሚያይ ገለልተኛ ኮሚቴ ነበረ። በግንቦት 2004፣ 10,008 ሰው ከገባ በኋላ፣ ያ ኮሚቴ ያየውን ለአዘጋጆቹ ገለጠላቸው፤ ሙከራውም ቆመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒት የሌለበት ፓኬት ከደረሳቸው 893 ሰዎች ሞተዋል፤ 17.9 በመቶ። ስቴሮይድ ከደረሳቸው ደግሞ 1,052፤ 21.1 በመቶ። መርፌው ሕይወት ማዳኑ ቀርቶ ከመቶ ሰው ሦስት ተጨማሪ ሰው እየገደለ ነበር። ጉዳቱ ቀላል ይሁን ከባድ፣ መድኃኒቱ ቶሎ ይሰጥ ዘግይቶ፣ ውጤቱ ያው ነው። በስድስት ወር ሲታይም 25.7 በመቶ ለ22.3። ለምን እንደገደለ እስካሁን ጥርት ያለ መልስ የለም። መግደሉ ግን ታወቀ።

እንግዲህ አስቡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌውን የወጉት ሐኪሞች ለበሽተኞቻቸው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ነርሷ ሌሊት ተነስታ በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ቤተሰብ ተበድሮ ከውጭ ፋርማሲ ይገዛል። ሁሉም መልካም አደረግን ብለው ነው። ኮሪደር ላይ ያስቆመኝን አስታማሚ "አጎትህ የዳነው መርፌው ቢሰጠውም ነው እንጂ ስለተሰጠው አይደለም" ማለት ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ወደዚያ ያደላል።

መድኃኒትን በዕጣ መፈተን ይህን ያህል ከከበደ ቀዶ ሕክምናን መፈተን ደግሞ የባሰ ነው። ቢላዋን በፓኬት መደበቅ አይቻልም። ሰርጀኑ ቀዶውን መሥራቱን ያውቃል፣ በሽተኛውም ስፌቱን ያያል። የሰርጀኖች እጅም እኩል አይደለም። ደግሞም ዓሥር ዓመት ተምሮ ያገኘውን ቀዶ ሕክምና በዕጣ አስጥሎ "አንተ አትሠራለትም" መባል ለሰርጀን ከባድ ነው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ይህን ክርክር በደንብ ያውቁታል።

በ1967 በዙሪክ ያሳርጊል የሚባሉ የቱርክ ተወላጅ ታላቅ ሰርጀን በማይክሮስኮፕ እየታገዙ ከራስ ቅል ውጭ ያለን ቀጭን የደም ሥር በአጥንቱ ቀዳዳ አስገብተው ከአንጎል የደም ሥር ጋር ሰፉ። ዓላማው ወደ አንጎል የሚሄደው ዋናው ቧንቧ ሲጠብ ወይም ሲዘጋ ደም በተለዋጭ መንገድ እንዲገባና ስትሮክ እንዳይመጣ ነው። ውኃ ልማት መስመሩ ሲዘጋ ከጎረቤት በጎማ እንደመሳብ ያለ ነገር ነው። ሐሳቡ ያምራል፣ ስፌቱ ያስደንቃል። በመላው ዓለም ተስፋፋ።

በ1977 የካናዳው የነርቭ ሐኪም ሄንሪ ባርኔት የመሩት ዓለም አቀፍ ሙከራ ተጀመረ። 1,377 ሰዎች ለሁለት በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሹ መድኃኒት ብቻ፣ ግማሹ መድኃኒትና ቀዶ ጥገና። ውጤቱ በ1985 ሲወጣ ሰርጀኖቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ ከተሰፉት የደም ሥሮች 96 በመቶው ክፍት ሆነው ደም ያስተላልፋሉ። ስትሮክ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ላይ ቀድሞም መጣ፣ በዛም። ቧንቧው ይሠራል፣ በሽተኛው አልተጠቀመም። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳምም "ተሳክቷል" የሚል ውጤት አላውቅም።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሳ፤ ሁሉም ደግሞ ቁጭት ብቻ አልነበረም። ትክክለኛ ጥያቄ ያነሱ ሰርጀኖች ነበሩ። በሙከራው ዘመን ብዙ ሕሙማን ዕጣ ሳይጣልላቸው ከሙከራው ውጭ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ ሰርጀኑ "ይኼኛውማ በእርግጥ ያስፈልገዋል" ያለው ሰው ሙከራው ውስጥ ካልገባ፣ የሙከራው መልስ ለዚያ ዓይነት ሰው ይሠራል ወይ? ስለዚህ በኋላ ሌላ ሙከራ ተዘጋጀ። በልዩ ምርመራ አንጎላቸው በእርግጥ ደም የጎደለበት መሆኑ የታየ ሰዎች ብቻ ተመረጡ። ይኼም 195 ሰዎች ከገቡ በኋላ ጥቅም እንደማያሳይ ስለታወቀ ቆመ፣ ውጤቱ በ2011 ታተመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስትሮክ ያጋጠማቸው ወይም ከቀዶው በኋላ የሞቱት፣ ከቀዶው ቡድን 21 በመቶ፣ ከመድኃኒቱ ቡድን 22.7 በመቶ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። ቀዶው ለአንዳንድ ሌሎች በሽታዎች ዛሬም ቦታ አለው። ለዚህኛው ግን ቀረ።

ይህን ስታነቡ "እንግዲያው ቀዶ ጥገና አያስፈልግም" እንዳትሉኝ። ሦስተኛው ታሪክ የሚናገረው ሌላ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አንጎሉ አብጦ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት በመድኃኒት አልወርድ ሲል፣ የራስ ቅሉን አንድ ክፍል አንስቶ አንጎሉን መተንፈስ የሚባል ቀዶ አለ። ከእንግሊዟ ካምብሪጅ የተመራ ሙከራ በ2016 ውጤቱን አወጣ። 408 ሰዎች ገብተውበታል። በስድስት ወር ቀዶ ከተደረገላቸው የሞቱት 26.9 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት 48.9 በመቶ። በግማሽ ሊጠጋ ቀነሰ! ግን ቁጥሩን ወደ ታች አንብቡት። ዓይኑን ገልጦ ራሱን የማያውቅ ሆኖ የቀረው ሰው በቀዶው ቡድን 8.5 በመቶ፣ በሌላው 2.1። ሰው ሳይረዳቸው ቤት ውስጥ መኖር የማይችሉትም በቀዶው ቡድን በዝተዋል። ሙሉ በሙሉ ጥሩ ሆነው የተነሱት በሁለቱም ጥቂት ናቸው።

ታዲያ ቀዶው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? እዚህ ላይ ሙከራው ቁጥሩን ይሰጣል እንጂ መልሱን አይሰጥም። "በሕይወት ይኑርልኝ እንጂ እኔ አስታምመዋለሁ" የምትል እናት አለች። "አባቴ እንደዚያ መኖርን አይፈልግም ነበር" የሚል ልጅም አለ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሐኪም ለፈቃድ ሲጠራችሁ "ይተርፋል?" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። "ቢተርፍ እንዴት ሆኖ ነው የሚተርፈው? ይናገራል? ራሱ ይበላል?" በሉ። ትክክለኛውን በመቶኛ መናገር ባይችል እንኳ እንደ አደጋው የሚያውቀውን እንዲነግራችሁ መብታችሁ ነው።

ከቦሊቪያና ከኢኳዶር የመጣውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በሀብታም አገሮች የአንጎል ግፊትን የሚለካ ቀጭን መሣሪያ በራስ ቅል ውስጥ ይገባል። ያለ እሱ ማከም ኋላ ቀርነት ይመስል ስለነበር እዚያ በዕጣ መፈተን የሚደፍር አልነበረም። መሣሪያው እንደልብ በማይገኝባቸው በእነዚህ ሁለት አገሮች ግን ተፈተነ። በ2012 የታተመው ውጤት፣ 324 ሰዎች ውስጥ፣ በመሣሪያው የታከሙትና በሲቲ ስካንና በተደጋጋሚ የአልጋ ዳር ምርመራ የታከሙት ልዩነት የላቸውም አለ። መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መሣሪያ የሌለው ሆስፒታል፣ ነርሱና ሐኪሙ በሽተኛውን በየሰዓቱ የሚያዩት ከሆነ፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም ማለት ነው። አገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ2006 ስለሆነ፣ ይህ ዓይነት ዜና እኛን ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ይመለከተናል።

ወደ ቤታችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳው ነው። ከገጠር ጭንቅላቱ ያደገ ሕፃን አዝላ የምትመጣ እናት ያላየ የሕፃናት ሐኪም እዚህ አገር የለም። በአንጎል ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። የተለመደው ሕክምና ሻንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ወደ ሆድ መቅበር ነው። ቱቦው ይሠራል፣ ግን ይደፈናል፣ ይመረዛል፤ ያን ጊዜ ልጁ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካላገኘ ይሞታል። ሐኪሙ ያለው ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው። በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊው ቤንጃሚን ዎርፍ ይህ አሳስቧቸው ሌላ መንገድ አዳበሩ። በካሜራ ገብቶ በአንጎሉ ውስጥ ለውኃው መውጫ መክፈትና ውኃውን የሚያመነጨውን ሥጋ በከፊል ማቃጠል ነው። ቱቦ አይቀበርም።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ስቴሮይዱም ጥሩ ሐሳብ ነበር። ስለዚህ እዚያው ምባሌ ውስጥ፣ ከኢንፌክሽን በኋላ ውኃ በተጠራቀመባቸው ከስድስት ወር በታች በሆኑ 100 ሕፃናት ላይ ዕጣ ተጣለ፤ 51 በካሜራው፣ 49 በሻንት። የተለካው ቀዶው መሳካቱ ብቻ አልነበረም። ከዓመት በኋላ የልጁ አእምሮ እንዴት ዳበረ የሚለው ነው ዋናው መለኪያ። በ2017 ውጤቱ ታተመ፤ በአእምሮ ዕድገት የጎላ ልዩነት አልታየም። ሕክምናው ሳይሠራ የቀረባቸው ከካሜራው 35 በመቶ፣ ከሻንቱ 24 በመቶ ናቸው፤ ይህም ልዩነት በዕጣ አጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አይበልጥም። በመቶ ሕፃናት ትንሽ ልዩነትን ማየት እንደማይቻል ከላይ ብለናል፤ የዓመት ዕድሜም ለአእምሮ ገና ነው። ቢሆንም ከሐኪም ርቃ ለምትኖር እናት ትልቅ ነገር ነው፤ ዕድሜ ልክ ከቱቦ ጋር የማይታሰር ምርጫ አለ፣ የልጇንም አእምሮ እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ጥያቄውም መልሱም አፍሪካ ውስጥ ነው የተገኘው።

ስለ ሕፃናት ካነሳን ሳልነግራችሁ የማልፈው ሙከራ አለ። ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ውኃ የሚያጠራቅመው የጀርባ አጥንታቸው ሳይዘጋ ስለሚወለዱ ነው። እንግሊዞች በሰባት አገሮች 1,817 ሴቶችን በዕጣ ከፍለው፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ እርግዝና የነበራቸው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ይከላከል እንደሆነ ፈተኑ። 1991 ላይ ውጤቱ ግልጽ ስለሆነ ቀድመው አቆሙት፤ 72 በመቶውን ይከላከላል። ችግሩ የጀርባው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሱ መጀመሪያ አራት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰባችሁ እህቶች ከማርገዛችሁ አንድ ወር ቀድማችሁ በቀን 0.4 ሚሊግራም ጀምሩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዳችሁ መጠኑ አሥር እጥፍ ነውና ሐኪም ያዝላችሁ።

አንድ ቀን እናንተም ወይም ዘመዳችሁ ሆስፒታል ተኝታችሁ "ጥናት ላይ ትሳተፋላችሁ?" ልትባሉ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፣ ቶሎም አትፈርሙ። በአማርኛ ወይም በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብላችሁ። ዕጣው በየትኞቹ ሕክምናዎች መካከል እንደሚጣል ጠይቁ፤ ከሁለቱ አንዱ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያገኘው ሕክምና መሆኑን አረጋግጡ። ባትስማሙ የተለመደው ሕክምናችሁ አይቋረጥም፤ ከገባችሁ በኋላም ምክንያት ሳትሰጡ መውጣት ትችላላችሁ። የፈረማችሁበትን ወረቀት አንድ ቅጂ ይዛችሁ ውጡ፤ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር እላዩ ላይ መጻፉን እዩ።